በግሉኮስ ቱቦ የታየ አየር

ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣ ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ትይዩው ለተቀመጡት ጎረቤቱ ሲያወራ አጠገቡ ተቀምጬ እሰማ ነበር።

“የፒካፑን ቁልፍ መለሱልኝ፣ እማማ።”

“እሰይ ልጄ። አሻጥር ሠራ ብለውህ አልነበር?”

“አዎ። ፒካፑ ነዳጅ ሳልሰጠው በራሱ ይጮህ ነበር፤ ማርሽ ልቀይር ፍሪሲዮን ስረግጥ ደግሞ ይብስበታል። ሆን ብለህ ነው ብለው የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ቁልፉን ወሰዱብኝ።”

“ታዲያ ምን ሆኖ ኖሯል?”

“ከናፍጣው ጋር አየር እየሳበ ነው ብል ማን ይስማኝ? በመጨረሻ ባለቤቴ ከምትሠራበት ሆስፒታል ባዶ የግሉኮስ ቱቦ አመጣችልኝ።”

“ለመኪና?”

“ናፍጣ ወደ ሞተሩ በሚያስገባው የጎማ ቱቦ ቦታ ሰካሁት። ውስጡ ከውጭ ይታያላ። ሰብሳቢውን ጠርቼ፣ ጓድ፣ እስቲ ይመልከቱ አልኳቸው።”

“አዩ?”

“ጎንበስ ብለው አዩ። አረፋ ባለፈ ቁጥር ሞተሩ ይጮሃል። ለካ ከሰልባቲዮው፣ ከናፍጣ ጋኑ የሚመጣው ቧንቧ ተሰንጥቋል። እዚያው ፊታቸው ቀየርኩት፤ አረፋው ጠፋ፣ ሞተሩም ረጋ።”

“ከዚያስ?”

“ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ዛሬ ጠዋት የእንጦጦን ዳገት ጭነት ይዤ ወጣሁት፤ አንዴም አልጮኸብኝ።”

“ሚስትህን ሳምልኝ።”

ስወርድ ደስ ብሎኝ ልጨብጠው እጄን ዘረጋሁና፣ እንደማያውቀኝ ትዝ ሲለኝ መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።