የስፌት መኪናዋና የምራቷ እንቅልፍ

ልብስ ሰፊዋ ክር ልትገዛ ወጥታ በጤና ጣቢያው በኩል ስታልፍ፣ ነርስ የሆነችውን ምራቷን በታካሚዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ተንተርሳ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይዟት አየች።

«አንቺ ልጅ! ቤት የሌለሽ ይመስል! የሌሊት ተራሽ አላለቀም እንዴ?»

ነርሷ ብድግ አለች። «አልቋል እማማ። ግን ቤት ገብቼ ጋደም ስል የእርስዎ የስፌት መኪና ይነሣል። ዛሬ ዓይኔ እየተከደነ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ልሰጥ ስል ጓደኛዬ ናት እጄን የያዘችኝ። ባለቤቴን ሌላ ቤት እንከራይ ብዬዋለሁ።»

ሴትዮዋ ክሩን ትታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከቤቷ ጎን በእንጨት ሰፊ ክፍል ያስቀጠለችው ለልጇና ለምራቷ ብላ ነው፤ ግማሹ የእነሱ መኝታ፣ ግማሹ የእሷ ስፌት ቤት፣ መሀሉ በሳንቃ የተከፈለ። አናጢው ልጇ ያኔ ድምፅ የሚያፍን ግድግዳ ልሥራ ቢላት፣ «ሳጥን ውስጥ ልትከተኝ ነው?» ብላ ድርቅ ያለችው ራሷ ናት።

ቤት ገብታ ከመሀሉ ግድግዳ ከላይ አንድ ሳንቃ ነቀለች፤ ውስጡ ባለው ክፍተት ሁለት ጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቅ እንደ ትራስ በዱላ ጠቀጠቀችበት። ከዚያ መኪናዋን አስነሣች። ልጇ ከመኝታ ቤቱ እየሳቀ ወጣ።

«እማዬ፣ መኪናሽ አልጋዬ ላይ ነው ያለው!»

«አትቀልድ! ሁለት ጆንያ ጠቅጥቄ?»

«ስለጠቀጠቅሽው ነዋ። ድምፅ የሚውጠው አየር ያለው ልል ነገር ነው። ደግሞ የሁለቱም ወገን ሳንቃ አንድ ቋሚ እንጨት ላይ ነው የተመታው። እስቲ ጆሮሽን ቋሚው ላይ ለጥፊ።»

ለጠፈች። እሱ ዞሮ ከወዲያ በኩል ቋሚውን ጫር አደረገው። ጆሮዋ ውስጥ አይጥ የገባ መስሏት ዘለለች።

«በጥፍሬ ነው እናትዬ። መኪናሽንማ አስቢው።»

ጆሮዋን አሸች። ከዚያ ግን፣ «ግድግዳው ከደነቆረ ልጅቷ ብትታመም ማን ይሰማታል? አባትህ በዋናው ቤት የወደቀ ለት የመሀሉ ሳንቃ ባይሳሳ መች እሰማው ነበር?» አለች።

ከጤና ጣቢያው ተከትላት መጥታ በር ላይ የቆመችው ነርስ ቀረብ አለች። «እማማ፣ ካመመኝ በሩን ከፍቼ እጠራዎታለሁ። ካልተኛሁ ግን መታመሜ አይቀርም።»

«እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ!» አለች ሴትዮዋ። «በል አንተ፣ ምን ገትሮሃል? መዶሻህን አምጣ!»

ልጇ አዲስ የቋሚ ረድፍ ከአሮጌው ጋር ሳይነካካ ተከለ። ጨርቁን አውጥቶ በምትኩ ልል ሱፍ ሞላ፤ የጂፕሰም ሰሌዳ ደርቦ መታ፤ ድምፅ እንዳያሾልክ ጠርዙን ሁሉ በስቱኮ ደፈነ። ከመኪናዋ እግር ሥር ወፍራም ጎማ አነጠፈ።

ቤት የምትቀጥሉ ሁሉ፣ ይህን ግድግዳው ሳይዘጋ አስቡበት፤ በኋላ ማፍረስ አለና። ጠግቦ የተኛ ሰው ሥራው ላይ አይሳሳትም፣ የሚሰፋም ፔዳሉን እየፈራ አይረግጥም፣ አማትና ምራትም አይኳረፉም።

በሳምንቱ ነርሷ ከሰዓት በኋላ እያፋሸከች ወጣች። «እማማ፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምራ የሰፋችውን የልብስ ክምር በአገጯ አሳየቻት። «ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ፤ ትራሱ ጉንጭሽ ላይ ታትሟል።»

ስለ ኪራይ ቤት ከዚያ ወዲያ ያነሣ የለም።