የላቀው እግር ምስክር

(በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚሰማው ኮሚቴ ከተቀመጠበት ክፍል ደጃፍ፣ ረፋድ ላይ፤ አንድ እግሩ ሰው ሠራሽ የሆነው ላቀውና የድሮ አለቃው አሥር አለቃ ሸዋንግዛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።)

ላቀው፦ ግራ አይደለም ጋሼ። ቀኝ ነው። ቀኝ ይበሉ።

ሸዋንግዛው፦ እኔ ፊት ለፊትህ ሆኜ ነዋ የማየው። ከእኔ በኩል ግራ ነው።

ላቀው፦ ኮሚቴው እንደዚያ አይሰማልንም። ግራ ካሉ የሌላ ሰው እግር ነው ብለው ይመልሱኛል።

ሸዋንግዛው፦ ዓይን የላቸውም እንዴ? የጎደለውን እያዩ ምን ያስጠይቃቸዋል?

ላቀው፦ መጉደሉንማ ያያሉ። የት እንደጎደለ ነው የሚጠይቁት። አምና አንደኛው ምን አለኝ መሰልዎት፤ «መኪና ገጭቶህ ቢሆንስ?»

ሸዋንግዛው፦ ምን ብለህ መለስክለት?

ላቀው፦ ምን እላለሁ? ጦሩ ሲበተን ፋይሌ አብሮ ጠፍቷል። ፋይል የሌለው ሰው በአንድ ሻምበል አብሮት ያገለገለ ምስክር ያምጣ አሉ። ከእኛ ሻምበል የቀሩት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሸዋንግዛው፦ ሃምሳ አለቃ ወልደየስስ?

ላቀው፦ ባለፈው ሰኔ ቀበርናቸው። እርስዎም ነበሩ።

ሸዋንግዛው፦ ነበርኩ?

ላቀው፦ ነበሩ። እሱን ይተዉትና እንደገና እንጀምር። የትኛው ሻምበል?

ሸዋንግዛው፦ ሦስተኛ ሻምበል። እኔ የመትረየስ ጓድ መሪ፣ አንተ ጥይት ተሸካሚ። ሳጥኑን ተሸክመህ ከኋላ ሳይህ ሳጥኑ ብቻውን የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

ላቀው፦ እሷን አይጨምሯት።

ሸዋንግዛው፦ ለምን? እነሱም ትንሽ ይሳቁ እንጂ፤ ከጠዋት ጀምረው የሰው ቁስል ነው የሚሰሙት።

ላቀው፦ መቼ ተመታሁ?

ሸዋንግዛው፦ ጥር ሰባ ስምንት፣ የጥምቀት ማግስት። የሞርታር ፍንጣሪ።

ላቀው፦ ጎሽ። ከዚያስ?

ሸዋንግዛው፦ ከዚያማ በጀርባዬ አዘልኩህ። ቁልቁለቱን ይዤህ ወርጄ ሕክምና ጣቢያው ድረስ አደረስኩህ። ሐኪሙ «ይህን ልጅ ማን አመጣው?» ሲል፣ «እኔ» አልኩ።

ላቀው፦ አዎ። እንደዚያው ይበሉ።

ሸዋንግዛው፦ ምነው? ፊትህ ልውጥ አለ።

ላቀው፦ ቁስሉ ነው። ይኼ ፕላስቲክ ዕድሜው ከልጄ ይበልጣል፤ በሄድኩ ቁጥር ይልጠኛል።

ሸዋንግዛው፦ ሐኪሙ ምን አለህ? ሳትደብቅ ንገረኝ።

ላቀው፦ ቁስሉ ወደ ላይ እየወጣ ነው አለ። በዚህ ወር ካልታከምኩና ፕላስቲኩ ካልተለወጠልኝ እግሬ ከጉልበቴ በላይ ይቆረጣል። ጉልበቴ ካለ እንደምንም እሄዳለሁ። እሱ ከሄደ ግን አልጋ ላይ ነው የምቀረው። ኮሚቴው የሚሰጠው የነፃ ሕክምና መታወቂያ ከሌለኝ ደግሞ ወደ ትልቁ ሆስፒታል አይጽፉልኝም።

ሸዋንግዛው፦ ኮሚቴውስ ነገ የለም?

ላቀው፦ ዛሬ ብቻ ነው። ማታ ይመለሳሉ፤ ከእንግዲህ የሚመጡት ለከርሞ ነው።

ሸዋንግዛው፦ በል አይዞህ። እኔ አለሁ። ቅድም ከሚስቴ ከጥሩወርቅ ጋር በር ላይ ስትንሾካሾኩ ነበር፤ ምን አለችህ?

ላቀው፦ ከስድስት ሰዓት በፊት መልስልኝ ነው ያሉኝ።

ሸዋንግዛው፦ ዶሮ እንኳ የምትሰበሰበው ማታ ነው።

ላቀው፦ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፣ ፀሐይ ሲበረታ ይደክመዋል አሉኝ።

ሸዋንግዛው፦ ይደክመዋል ነው ያለችህ ወይስ ይጠፋበታል?

ላቀው፦ ይጠፋበታል።

ሸዋንግዛው፦ እውነቷን ነው። ትናንት ከገዛ ቤቴ በር ፊት ቆሜ «ይህ የማን ቤት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። እሷ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እንዲህ መሆን ያስፈራል ላቀው።

ላቀው፦ ዛሬ ደህና ነዎት። እስካሁን የሳቱት ግራና ቀኙን ብቻ ነው፤ እሱን ድሮም ይስቱ ነበር።

ሸዋንግዛው፦ እነዚህ ሰዎች ወዴት ነው የሚወጡት?

ላቀው፦ ኮሚቴዎቹ ናቸው፤ ሻይ ሊጠጡ ነው። ከእኛ በፊት ገና ሦስት ሰው አለ። ጸሐፊዋን ቅድም ለምኛት ነበር፤ ሽማግሌ ይዣለሁ፣ አስቀድሚን ብዬ። አዘነችልኝ። ግን ዝርዝሩን የያዘችው እሷ አይደለችም።

ሸዋንግዛው፦ ስንት ሰዓት ነው?

ላቀው፦ አምስት ተኩል። ተራችን ቶሎ ይድረስልን እንጂ፣ ጋሼ። ትንሽ ያናግሩኝ። ዝም አይበሉ።

ሸዋንግዛው፦ ምን ላውራህ? አፌ ደርቋል።

ላቀው፦ የፈለጉትን። ቤት ስላለው በግዎ ይንገሩኝ።

ሸዋንግዛው፦ የምን በግ? እዚህ ጥላ የለም እንዴ?

ላቀው፦ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይበሉ። እንዲያ። አንድ ሰው ገባ፤ አሁን ሁለት ነው የቀረው።

ሸዋንግዛው፦ ምን የሚሉት ሙቀት ነው ይሄ?

ላቀው፦ ስድስት ሰዓት አለፈኮ፤ ከእኛ በፊት አንድ ሰው ነው የቀረው። ጋሼ፣ የትኛው ሻምበል ነበርን?

ሸዋንግዛው፦ የምን ሻምበል?

ላቀው፦ የእኛ። እርስዎና እኔ።

ሸዋንግዛው፦ አንተ ማነህ?

ላቀው፦ ላቀው ነኝ።

ሸዋንግዛው፦ ላቀው ገና ጢም አላበቀለም። አንተ ሽበታም ነህ።

ላቀው፦ ሸበትኩ እኮ ጋሼ። አብረን ነው የሸበትነው።

ሸዋንግዛው፦ አትቀልድብኝ። ልጁን አውቀዋለሁ።

ላቀው፦ እሺ። አይቆጡ። ውሃ ላምጣልዎት፤ እዚሁ ይጠብቁኝ።

ሸዋንግዛው፦ አትሂድ። ውሃ ላምጣ ብሎ የሄደ አይመለስም።

ላቀው፦ ማን ነው ያልተመለሰው?

ሸዋንግዛው፦ እኔ።

ላቀው፦ ጋሼ፣ ይተዉት። አሁን ጊዜው አይደለም።

ሸዋንግዛው፦ እስከ ግራሩ ድረስ አዝዬው ነበር። እዚያ አስቀመጥኩት። እግሩን በገዛ ሸሚዙ አሰርኩለት። «አሥር አለቃ፣ አይተዉኝ» አለኝ። ውሃ ይዤ መጣሁ አልኩት። ከዚያ ከባድ መሣሪያ መውረድ ጀመረ። ምንጩን አልፌው ሮጥኩ። ፈራሁ፣ ወንድሜ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ላቀው፦ ሕክምና ጣቢያ ድረስ አደረስኩት ነበር የሚሉት። በሴት ልጁ ሠርግ ላይ እንኳ ለዘመድ አዝማዱ እንደዚያው ነው የተናገሩት።

ሸዋንግዛው፦ ውሸቴን ነው።

ላቀው፦ አውቃለሁ።

ሸዋንግዛው፦ ከየት አወቅህ?

ላቀው፦ ከእሱ ነው። ፀሐይ እስክትገባ ድረስ በሄዱበት በኩል ሲያይ ዋለ። ሲመሽ ነው ሌሎች ያነሱት።

ሸዋንግዛው፦ ታዲያ ለምን ዝም አለኝ?

ላቀው፦ መጀመሪያ ጠልቶዎት ነበር። ባገኛቸው ምን እላቸዋለሁ እያለ ስንት ዓመት ተብሰለሰለ። ከዚያ ቤቱን አጠያይቀው መጡ። በየዓመት በዓሉ እየመጡ ልጆቹን ጉልበትዎ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በዚያ ላይ ምን ብሎ ያንሳው? ደግሞ እስከ ግራሩ ያዘሉት እርስዎ ነዎት፤ እሱ ውሸት አይደለም።

ሸዋንግዛው፦ ልጆች አሉት? በሕይወት አለ?

ላቀው፦ አለ። አያልቅሱ ጋሼ፤ ሰው እያየን ነው።

ሸዋንግዛው፦ ይየን። ምን ቸገረኝ።

ላቀው፦ ተጠራን። ስሜን ነው የጠሩት። ይስሙኝ፣ እባክዎን። ማን እንዳዘለው፣ ማን እንደሮጠ አይጠይቁዎትም። ሦስተኛ ሻምበል፣ ቀኝ እግር፣ ጦር ግንባር ላይ። ይችን ብቻ ይበሉልኝ። ከዚህ በላይ አልለምንዎትም።

ሸዋንግዛው፦ አልነሳም። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። አንተ ልጁን ታውቀዋለህ።

ላቀው፦ በሩን ከፍተው እየጠበቁን ነው።

ሸዋንግዛው፦ ይጠብቁ። ቶሎ ቢያነሱት እግሩ ይተርፍ ነበር ብለው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ማንንም ጠይቄ አላውቅም፣ አፍሬ። እግሩ ተረፈ?

ላቀው፦ ጋሼ፣ ሌላ ሰው ሊያስገቡ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ተረፈ ወይ?

ላቀው፦ ተርፏል። በሁለት እግሩ ነው የሚሄደው።

ሸዋንግዛው፦ ተመስገን። በል ደግፈኝና እንግባ፤ እግሩ መትረፉን እነግራቸዋለሁ።