ብርድ ልብሱን አልለቅም

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአጥንት ክፍል፤ ገበሬው አቶ ጓንጉል የተሰበረ እግራቸው በተንጠለጠለ ክብደት ተወጥሮ ተኝተዋል፤ ነርሷ ሲስተር አምሳል ብርድ ልብሳቸውን ልትገፍፍ ትታገላለች።

ሲስተር አምሳል፦ አባባ፣ ይልቀቁልኝ እንጂ! አለቆቻችን ለጉብኝት መጥተው በየአልጋው እየዞሩ «በነርሶች አያያዝ ረክታችኋል ወይ?» ብለው ሊጠይቁ ነው። አልጋው ይነጠፍ።

አቶ ጓንጉል፦ አልለቅም። በርዶኛል።

ሲስተር አምሳል፦ ግንባርዎ ላይ ላብ ቸፍ ብሎ ምን ብርድ ነው?

አቶ ጓንጉል፦ የደጋ ሰው ላቡም ብርድ ነው። ሂጂ ልጄ፣ የሌላውን አንጥፊ። ሲጠይቁኝ «ረክቻለሁ» እላለሁ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?

ሲስተር አምሳል፦ ከልብዎ ካልሆነ ምን ያደርግልኛል?

አቶ ጓንጉል፦ እነሱ ጠይቀው ይሄዳሉ። እኔ እንደ ወይፈን ተጠፍሬ እጅሽ ላይ ነኝ። ዝም አይነቅዝም።

ሲስተር አምሳል፦ በሽታውን የደበቀም መድኃኒት የለውም! ውሃዎ ከትናንት ጀምሮ እንደተቀዳ ነው። ከንፈርዎ ተሰነጣጠቀ። ጾም ነው እንዳልል ፋሲካ አልፏል።

አቶ ጓንጉል፦ ስለት አለብኝ።

ሲስተር አምሳል፦ ውሃ ላለመጠጣት?

አቶ ጓንጉል፦ የጠጣ ሰው ይሸናላ!

ሲስተር አምሳል፦ ታዲያ ፖፖ አለ፤ መጥራት ነው።

አቶ ጓንጉል፦ ሌላው አስታማሚ አለው። የኔ ልጅ እዚህ አስገብቶኝ፣ ዝናብ ሳይቀድመው ለእርሻ ተመለሰ። በዚህ ዕድሜዬ የልጅ ልጄን እኩያ «ፖፖ ያዢልኝ» ልበል? አፈርኩ። ውሃውን ብተወው ሽንቱም የሚተወኝ መስሎኝ።

ሲስተር አምሳል፦ አንዴ እንኳ ቢጠሩኝ…

አቶ ጓንጉል፦ ጠርቼሻለሁ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ። «መጣሁ!» ብለሽኝ አለፍሽ።

ሲስተር አምሳል፦ አዎ… ብያለሁ። በር አጠገብ ያለው ታማሚ ሲደማ ወደዚያ ሮጥኩ። ለክፍሉ ሙሉ ብቻዬን ነኝ አባባ። ግን ረሳሁዎት።

አቶ ጓንጉል፦ አልፈርድብሽም። ብቻ አትግለጪኝ፣ በእናትሽ። በአገሬ የተጣላ የማስታርቅ ሰው ነኝ።

ሲስተር አምሳል፦ ርሶብዎታል?

አቶ ጓንጉል፦ ዝም በይ! ሌሎቹ ታማሚዎች ይሰማሉ።

ሲስተር አምሳል፦ ይኸው መጋረጃውን ሳብኩት። ንጹሕ አንሶላም ይዣለሁ።

አቶ ጓንጉል፦ በሩ ተንኳኳ! መጡ! እንዳልሸሽ እግሬ ታስሯል፤ እንዳልቆይ ጉዴ ሊወጣ ነው። አንዴ ሂጂና አስገቢያቸው፣ «ረክቻለሁ» ብዬ ልገላገል!

ሲስተር አምሳል፦ እዚያው ቆዩ! ታማሚ እያጠብኩ ነው!

አቶ ጓንጉል፦ አለቆችሽን ነው እንዲህ የምትጮሂባቸው? እንጀራሽን ታጫለሽ!

ሲስተር አምሳል፦ ይቆጡኝ። ቁጣቸውን ሲጨርሱ ደግሞ እርስዎ «ረስታኝ ነበር» ብለው ይንገሯቸው፤ እውነት ነው። አሁን ይልቀቁት፣ ጣትዎ ደም አጣ።

አቶ ጓንጉል፦ ይኸው… ለቀቅኩ። ፊትሽን ወዲያ አድርጊ።

ሲስተር አምሳል፦ ወዲያ አድርጌ በምኔ ልጠብዎት? አባቴንም አጥቤያለሁ። ወገብዎን ብድግ።

አቶ ጓንጉል፦ አምሳል ልጄ… መጀመሪያ ያንን የሚጠጣውን ውሃ አቀብይኝ።