የአባ ዝምታ ጦማር

በዚያ ክረምት ዝናቡ ዘጠና ቀን አላባራም። መንገዱ ጭቃ ሆነ። የተሰፋ ልብስ የጫኑ መኪኖች ግን ጭቃውን ጥሰው ገቡ፤ ሸሚዝ ከጨርቁ ዋጋ በታች ተሸጠ። በሰፊዎች መንገድ ከነበሩት ዐሥራ አራት ሱቆች ስምንቱ ተዘጉ። ሰፊ ሲዘጋ የስፌት መኪና ጠጋኝ ምን ይጠግናል? በመጀመሪያው ወር ሁለት መኪና መጣ። በሁለተኛው አንድ። በሦስተኛው ምንም።

ጠጋኙን ሰው ሁሉ አባ ዝምታ ይላቸዋል። አርባ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርተዋል። መኪና ሲፈቱ ለደንበኛ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፤ እጃቸውን ያየ የለም። "ምን ሆኖ ነበር?" ብሎ ለሚጠይቅ መልሳቸው "ድኗል" ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ይህችም ቃል ቀንሳለች።

ዝናቡ በገባ በስድሳኛው ቀን ግድም መፍቻዎቻቸውን፣ ሞረዶቻቸውንና ለመለዋወጫ ያስቀመጧቸውን ሦስት አሮጌ መኪናዎች መሬት ላይ ደረደሩ። ብረት ገዢው ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ነው። በዚህ መሐል አንዲት ወጣት ዝናቡን ሸሽታ በሩ ላይ ቆመች። የጓሮውን ክፍል የተከራየች የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። በአንድ ግቢ ስምንት ወር ሲኖሩ ከሰላምታ አልፈው አያውቁም።

"አባባ፣ እስኪያባራ ልጠለል?"

"ጣሪያው ያፈሳል። ካልናቅሽው ግቢ።"

ገባች። መሬቱን አየች። "ምነው፣ ቤት ሊለቁ ነው?"

"ሥራ ልለቅ ነው። ብረቱን ልሸጠው።"

"በስንት?"

"በኪሎ።"

"አርባ ዓመት በኪሎ?"

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ጫፉ የዞረ መፍቻ አነሣች። "ይሄ ተጣሞ ነው?"

"አጣምሜው ነው" አሉ። ዕቃው ከወዲሁ የሌላ ሰው የሆነ ስለመሰላቸው ይሁን፣ ወይም ሦስት ቀን ከሰው ጋር ስላልተነጋገሩ፣ ቀጠሉ። ከመርፌው ሳህን ሥር ቀጥ ያለ መፍቻ የማይደርስባት ብሎን አለች። ብዙ ሰው እሷን ፍለጋ ሳህኑን ይሰብራል። ይህ ግን በጎን ይገባል። ይህን ለመናገር አምስት ደቂቃ ፈጀባቸው። ከዚያ በፊት አምስት ደቂቃ ተናግረው አያውቁም።

"አሁን የነገሩኝን ሌላ ማን ያውቃል?" አለች ልጅቱ።

"ማንም።"

"ታዲያ ይጻፉት እንጂ! ብሎግ ይክፈቱ።"

"ምን ልክፈት?"

"ብሎግ። ጦማርም ይሉታል። በኢንተርኔት ላይ የራስዎ ገጽ ማለት ነው። የሚያውቁትን ይጽፋሉ፣ የፈለገ ያነባል።"

"ጦማር? ጦም ማደሬን በምን አወቅሽ?"

ልጅቱ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም፤ ግን በርጩማ ገፋ አደረጉላት።

"ስሚ ልጄ፣ ሙያ በልብ ነው። አባቶች በከንቱ አልተናገሩትም።"

"እውነት ነው አባባ። ግን እሱ ለጉረኛ የተባለ ነው፤ ሳትሠራ አታውራ ለማለት። እርስዎ ሠርተው አሳይተዋል። አሁን በልብ ያለው ሙያ ከልቡ ጋር ሊቀበር ነው።"

"ልቤ ገና ይመታል።"

"ይምታ፣ ይምታ! ብረቱን ግን እየሸጡት ነው።"

ምላሷ ስለት አለው አሉ በሆዳቸው። አልከፉም። "አንቺስ ትጽፊያለሽ?"

"ሁለት ዓመቴ።"

"ስለ ምን? ደም ስለ መቅዳት?"

"አዎ! ሰው ከምርመራ በፊት ምን መብላት እንደሌለበት፣ ውጤቱ ላይ ያለው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ። እዚህ ከተማ ስመጣ ሰው አላውቅም ነበር፤ ከሥራ መልስ ግድግዳ ነበር የማየው። መጻፍ ስጀምር የሚጠይቀኝ ሰው አገኘሁ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አውቀዋለሁ ያልኩትን ለመጻፍ ስቀመጥ ግማሹን እንደማላውቀው አወቅኩ። ተመልሼ አነበብኩ። አለቃዬ ሦስት ዓመት ስሜን አያውቅም ነበር፤ ገጼን ካነበበ በኋላ አዲስ ገቢዎችን እንዳሠለጥን አደረገኝ።"

"አንቺ ደሞዝተኛ ነሽ። የኔ ጉሮሮ ያለው በምስጢሬ ላይ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም? በነፃ ከበተንኩት ማን ወደ እኔ ይመጣል?"

"አሁንስ ማን መጣ?"

ሽማግሌው በሩን አዩ። "አንቺ።"

"እኔም ለመጠለል ነው።"

ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አባባ፣ ሐኪም ስለ ቀዶ ጥገና ስለጻፈ በሽተኛ ራሱን አይቀድም። እንዲያውም ያን ሐኪም ይፈልጋል። ሰው የሚሄደው ወደሚያምነው ነው፤ ለመታመን ደግሞ መታየት ያስፈልጋል። እርስዎ አርባ ዓመት ያሳዩት ጀርባዎን ነው።"

"የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው።"

"አጭር ይጻፉ። አጭር መናገር እንደሆነ ያውቁበታል።"

ይህች የመጨረሻዋ አሳቀቻቸው። ከሰዓት ብረት ገዢው ሲመጣ "ሳምንት ቆይተህ ና" አሉት። እሱም እያጉረመረመ ሄደ።

ልጅቱ ገጹን ከፈተችላቸው፤ እሳቸው በአንድ ጣት፣ በስልካቸው ላይ ጻፉ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ሦስት መስመር ነበር። "መኪናህ ሲጮህ ዘይት ለማፍሰስ አትቸኩል። መጀመሪያ የክሩን ብናኝ ጥረግ። በብናኝ ላይ የፈሰሰ ዘይት ጭቃ ነው።" በሳምንቱ ሰባት ጊዜ መነበቡን ልጅቱ ነገረቻቸው።

"ሰባት ሰው!" አሉ።

"አምስቱ እኔ ነኝ አባባ።"

እሳቸው ግን ለሁለቱ ሲሉ ጻፉ። ብረት ገዢው ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሁለቴም ባዶውን ሄደ። ልጅቱ ያለችው እሳቸውንም ገጠማቸው። መርፌ ከማስገባታቸው በፊት አርባ ዓመት ሙሉ ሦስት ጊዜ እፍ ይሉ ነበር፤ ምክንያቱን ሊጽፉ ተቀምጠው ምክንያት አጡ። ሙያውን ያስተማራቸው ጌታ ሲያደርግ አይተው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እፍ ማለት ተዉ። ዘጠኝ ጽሑፍ ጻፉ። አንባቢው መቶ አለፈ። አንዱ ያመሰግናል፣ አንዱ ይከራከራል፣ አንዱ የተሰበረ መኪናውን ፎቶ ይልካል።

በዘጠኙም ውስጥ ያልጻፏት አንዲት ነገር ነበረች።

ዘጠነኛውን በጻፉ ማግሥት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከሩቅ ከተማ የአንዲት ሰፊ መልእክት ደረሳቸው። "አባባ፣ የጻፉትን ሁሉ አደረግሁ። ጠረግሁ፣ መርፌ ለወጥኩ፣ ክሩን አላላሁ። መኪናዬ አሁንም ስፌት ይዘላል። የስልሳ ተማሪ የደንብ ልብስ ተቀብያለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ሰኞ ይከፈታል። ያለችኝ መኪና ይህች ብቻ ናት። ያልነገሩን የቀረ ነገር አለ?"

"አለ" አሉ አባ ዝምታ፣ ብቻቸውን ተቀምጠው።

ልጅቱ ወደ ሥራ ስትወጣ መልእክቱን በሩ ላይ ቆማ አነበበች። "ምን ቀረ አባባ?"

"መርፌውና ከሥር ያለው መንጠቆ የሚገናኙበት ጊዜ። መርፌው ታች ይደርስና ጥቂት ሽቅብ ይመለሳል። ልክ ያኔ መንጠቆው ከጀርባው ደርሶ ክሩን መያዝ አለበት። ከቀደመ ወይም ከዘገየ ስፌት ይዘላል። መኪና ይህን ሲያመው ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።"

"ይጻፉላታ!"

"እሷን ከሰጠሁ ባዶ እጄን ቀረሁ። ጌታዬም አልነገረኝም፤ በመስኮት ቀዳዳ ሰርቄ ነው ያየሁት። የመጨረሻዋን ለልጅህም አትንገር ይላሉ የሙያው ሰዎች። ሕጉ ነው።"

"ሕጉ ማንን ጠቀመ?"

"ጌታን።"

"እርስዎ ጌታ ከሆኑ ወዲህ ለማን ነገሩ?"

አባ ዝምታ ጠረጴዛውን አዩ። ከዚያ በሕይወታቸው ረጅሙን ንግግር ተናገሩ።

"አንድ የሙያ ልጅ ነበረኝ። ከዚህ ጠረጴዛ ስለማይላቀቅ ሙጫ ይሉታል። ሰባት ዓመት አገለገለኝ። ሁሉን አስተማርኩት፣ የመጨረሻዋን ደበቅሁት። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ስፌት የሚዘል መኪና ሲመጣበት በትከሻው ተሸክሞ ወደ እኔ ያመጣል። ጀርባዬን ሰጥቼው አስተካክላለሁ። 'ምን ሆኖ ነበር ጋሼ?' ይለኛል። 'ድኗል' እለዋለሁ። ሰው ይህን አየ፤ 'ሙጫ ሙያው አልገባውም' አለ። በሁለት ዓመቱ ዘጋ። አሁን ወፍጮ ቤት ዱቄት ይሞላል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፣ በዚያ መንገድ አላልፍም።"

ልጅቱ አልፈረደችባቸውም። "እንግዲያው ለዚች ሴት ይጻፉ። ይቅለልዎት።"

"አይሆንም። ፊቷን ላላየሁት ሴት ልነግር፣ ሰባት ዓመት የደከመልኝ ከሰው እኩል ሊያነበው? መጀመሪያ ለእሱ። ደግሞ ቅድም ሞክሬዋለሁ፤ 'ጥቂት ሲመለስ' ብዬ ጻፍኩ። ጥቂት ስንት ነው? በዓይኔ ነው የማውቀው። ዓይን እንዴት ይጻፋል?"

"እንግዲህ ዛሬ ሐሙስ ነው አባባ" አለችና ጃንጥላዋን ሰጠቻቸው።

ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ ሙጫ እስከ ቅንድቡ በዱቄት ነጭ ሆኖ ከረጢት እያሰረ ነበር። ሲያያቸው ቀና አለ።

"ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?"

"ዕዳ።"

"የማን?"

"ያንተ። ሰባት ዓመት አገልግለኸኝ አንድ ነገር ነፈግሁህ። ልነግርህ መጣሁ። መርፌው ታች ደርሶ…"

"ሁለት ሚሊ ሜትር ሲመለስ፣ የመንጠቆው ጫፍ ከመርፌው ቀዳዳ በላይ ከጀርባው ይደርሳል" አለ ሙጫ፣ ቋጠሮውን እያጠበቀ።

ሽማግሌው ጃንጥላውን መዝጋት ረስተው ከጣሪያው በታች ይዘውት ቆሙ። "ማን ነገረህ?"

"ማን ይነግረኛል? የባለቤቴ የስፌት መኪና ላይ አንድ ወር አፈጠጥኩባት። ሱቁን በዘጋሁ በዓመቱ። ደረስኩባት ጋሼ፤ ግን ዘግይቼ።"

"ሁለት መሆኑን በምን ለካህ?"

"በብስክሌት ሽቦ። ከጎማው ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዷን ቆረጥኩ፤ ውፍረቷ ልክ ሁለት ነው። መርፌውን የሚሸከመው ዘንግ ታች ሲደርስ፣ ሽቦዋን ዘንጉ ከሚወጣበት አፍ ሥር አስጠጋታለሁ። ከሽቦዋ በታች ዘንጉ ላይ በእርሳስ አሰምራለሁ። ሽቦዋን አነሣለሁ፤ መስመሯ አፉ ላይ እስክትደርስ መዘውሩን አዞራለሁ። እዚያ ላይ መንጠቆውን ከመርፌው ጀርባ አድርጌ አጠብቃለሁ። በቃ። ዓይንም አይፈልግም።"

አባ ዝምታ በቀላልነቱ አፈሩ፤ ደግሞ ደስ አላቸው። "ከኔ ይሻላል" አሉ።

"እንግዲህ ዕዳው ቀርቷል። ራሴ ከፍዬዋለሁ" አለ ሙጫ። ፊቱ ግን እንደ አፉ አልቀለለም።

"አልቀረም። ሰው ዛሬም ሙያ አልገባውም ይልሃል። ያን ያስባልኩህ እኔ ነኝ። እሱን አንተ ልትከፍለው አትችልም።"

ከዚያ ቀን በኋላ የመጣውን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ሰፊዋ እሑድ ማታ ስልሳ የደንብ ልብስ በገመድ ላይ ተሰቅሎ ፎቶ ላከች። እሷ ለሰፊ ጓደኞቿ ነገረች፤ ከሌላ ከተማ በጭነት መኪና የስፌት መኪና ይመጣ ጀመር። አንድ የልብስ ፋብሪካ ጠጋኞቹን እንዲያሠለጥኑለት አባ ዝምታንና ሙጫን ጠራ። አባ ዝምታ ጠረጴዛቸውን አዙረው ፊታቸውን ወደ በሩ አደረጉ። ብረት ገዢው ለአራተኛ ጊዜ መጥቶ "ኧረ ለመሆኑ በነፃ ከመጻፍ ምን ተገኘ?" ቢላቸው እንዲህ አሉት፤ "በነፃ የሰጠሁት ደንበኛ ይዞ ተመለሰ። የማላውቀውን አሳወቀኝ። ጠዋት ስነሣ የሚጠይቀኝ ሰው አለ፤ ይህን ደግሞ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አላገኘሁትም ነበር። ብሞት ሙያው አይሞትም። ሌላም አለ፤ እሱን አልነግርህም።" ብረት ገዢው አሮጌ መኪና ሲያገኝ አሁን ለእሳቸው ይሸጥላቸዋል፤ በኪሎ ግን አይደለም።

ይህ ሁሉ ኋላ የሆነ ነው። ያን ሐሙስ አባ ዝምታ ከረጢት ላይ ተቀምጠው በአንድ ጣት ጻፉ። ወፍጮው ይጮሃል፤ ሙጫ ሥራውን ይሠራል፣ ግን ከረጢቱን ከሚሞላበት ጊዜ ይልቅ እሳቸውን የሚያይበት በዛ። ሲጨርሱ ስልኩን ዘረጉለት።

"አንብበው። ካልፈቀድክ አይወጣም።"

ሙጫ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። "ሙጫ የምትሉት ሰው ሙያ ያልገባው ሰው አይደለም። ሰባት ዓመት ሳስተምረው የመጨረሻዋን እኔ ደበቅሁት። ሱቁ የተዘጋው በዚህ ነው። እሱ ግን ብቻውን ደረሰባት፤ ከኔም አሳመራት። ከዚህ በታች ያለው ዘዴ የእሱ ነው። ጥያቄ ያለው እሱን ይጠይቅ።" ከሥሩ ስለ ሽቦዋ ተጽፏል።

ሁለተኛ አነበበው። ከዚያ "'ደበቅሁት' ብቻ?" አለ።

አባ ዝምታ ስልኩን ተቀበሉት። ከቃሉ በፊት "ሆን ብዬ" የሚል ጨምረው መለሱለት።

ሙጫ አየው። ጣቱን በሽርጡ ጠረገ፤ ሽርጡም ዱቄት ነው። ጽሑፉን የሚያወጣውን ቁልፍ ራሱ ተጫነ፤ መስታወቱ ላይ ነጭ የጣት አሻራ ቀረ።

"ሄደ?" አሉ ሽማግሌው።

"ሄደ" አለ ሙጫ። ስልኩን መለሰላቸውና ከረጢቱን አነሣ። "ተከፍሏል ጋሼ።"