አንድ በሽተኛ፣ አንድ ጠያቂ

የተጠለፈው አውሮፕላን ባለ ስድስት ፎቁን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከመታ ሳምንታት አልፈዋል፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታላቋ አስካለ፣ እዚያ የሚሠራው እጮኛዋ ይታገሱ ወደተኛበት ሆስፒታል ልትሄድ ምሳ ዕቃውን ይዛ ተነሥታለች፤ ታናሿ ትጓደድ በሩ ላይ ቆማ መንገድ ዘግታባታለች።

አስካለ፦ በሩን ልቀቂ። ዛሬ ምሳውን የምወስደው እኔ ነኝ።

ትጓደድ፦ እትዬ፣ የታጨች ልጅ ሰርጓ ሳይደርስ እጮኛዋ ዘንድ አትታይም ያሉት አባባ ናቸው እንጂ እኔ ነኝ እንዴ? ሰው ቢያይሽ ምን ይላል?

አስካለ፦ ደግሞ ወግ አስከባሪ ሆንሽልኝ። ትናንት አንቺ ሆስፒታል እያለሽ የይታገሱ እናት ከገጠር መጥተው፣ እሱን ጠይቀው ሲመለሱ እዚችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው መረቁኝ።

ትጓደድ፦ ምርቃት ደግሞ ማንን ገደለ?

አስካለ፦ «ልጄን በገዛ እጅሽ እያጎረስሽ ነፍሱን የመለስሽ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ማህፀንሽ ይለምልም» ነው ያሉኝ። እኔን። የሆስፒታሉን ግቢ በእግሬ ረግጬው የማላውቀውን። ምን እላለሁ? «አሜን» አልኩ። አሜን ያልኩበት አፍ ሲመረኝ አደረ።

ትጓደድ፦ ከፍለሽ አልገዛሽው፣ መጣልሽ፣ ተቀበልሽ። ምኑ ይመርራል?

አስካለ፦ አትቀልጂብኝ። የነገራቸው ይታገሱ ነው። «አስካለ በየቀኑ ትመጣለች» ብሏቸዋል። ዓይኑ በፋሻ ታስሯል፤ የምታጎርሰው እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚያውቀው። ይኼን ማን ነገረው?

ትጓደድ፦ ድምፃችን አንድ ነው። አባባ እንኳ ከጓዳ ስንጠራቸው ይሳሳታሉ።

አስካለ፦ የአባባ ጆሮ ደክሟል። ማን ነገረው ነው የምልሽ።

ትጓደድ፦ እሱ ራሱ ነው «አስካለ» ያለኝ። እኔ ያልኩት «አቤት» ብቻ ነው።

አስካለ፦ በእኔ ስም ተጠርተሽ አቤት። የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ ይባላል። የቤት ሌባ ግን ምን ይባላል?

ትጓደድ፦ እህት።

አስካለ፦ ምላስሽን ይዘሽው ኑሪ። ወጡን የምሠራው እኔ፣ ሽንኩርቱ የሚያስለቅሰው እኔን፣ የምታጎርሺው አንቺ። ሰፈሩ ደግሞ ሌላ ነው። «ደህና ወጥቶ ግቢው ውስጥ ቆሞ የነበረ ሰው ለትጓደድ ሲል እሳቱ ውስጥ ተመልሶ ገባ» ይላሉ። ለቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ባልሞተብኝ ሰው ሊያስተዛዝኑኝ ይቃጣቸዋል።

ትጓደድ፦ የሰፈር ወሬ ሰምተሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?

አስካለ፦ አንቺን «እንኳን እግዜር አተረፈሽ» ለማለት በር እስኪጨናነቅ መጡ። ዳቦ ደፍተው፣ ዶሮ ጎትተው። ሻይ የማቀርብላቸው ደግሞ እኔ። ስንቱ ቤት ድንኳን ተተክሎ፣ አስከሬን ጠፍቶ የልብስ ቁራጭ ሲቀበር እያየሁ፣ እኔ የማለቅሰው እሱ አንቺን ስለተሸከመ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ። በሙት መሐል ቆሜ በሕያው እቀናለሁ።

ትጓደድ፦ እኔን ብሎ አልተመለሰም።

አስካለ፦ ታዲያ ማንን ብሎ ነው? የቢሮውን ወንበር?

ትጓደድ፦ አልቆጣም በይኝና ልንገርሽ።

አስካለ፦ እስካሁን የተቆጣሁትንስ ምን ላድርገው? ተናገሪ።

ትጓደድ፦ ብጫው ሻሽ።

አስካለ፦ በአንቺ እጅ የላከልኝ? እሱማ ከሣጥኔ ጠፋ።

ትጓደድ፦ ጭንቅላቴ ላይ ነበር። ምሳውን ቢሮው ላደርስ ስሄድ ከመታጠፊያው ስደርስ ሸብ አደርገዋለሁ፤ ስመለስ ፈትቼ ከሣጥንሽ እከተዋለሁ። እሱ ዘንድ ስገባ ደግሞ አወልቀዋለሁ፤ አላበድኩም። የዚያን ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረም፣ ግቢ ወርዷል አሉኝ። ስለዚህ አላወለቅኩትም።

አስካለ፦ የእኔን ሻሽ።

ትጓደድ፦ አንቺ በሣጥን ልታሳድጊው ነበር። እኔ ላይ ደግሞ ያምራል።

አስካለ፦ ቀጥዪ።

ትጓደድ፦ ምሳውን አስቀምጬ ቀና ስል መስኮቱ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ውስጥ ገባ። ድምፁን እንኳ አላስታውሰውም። ጠላፊዎቹ ያንን ሕንፃ ለምን እንደመረጡት ሬዲዮው እስከ ዛሬ ይተነትናል፤ እኔ የማውቀው ደረጃው እንደጠፋብኝ ነው። በመስኮቱ ወደ ግቢው ብቅ ብዬ ጮህኩ። በዚያ ጭስ ውስጥ ፊት አይታይም፣ ብጫ ግን ይታያል።

አስካለ፦ አየው።

ትጓደድ፦ «አስካለ» እያለ ነው ደረጃውን የወጣው። ሲሸከመኝ «አስካለ፣ አይዞሽ»። የጋለውን በር በእጁ ሲገፋ «አስካለ»። አምቡላንስ ውስጥ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት «አስካለ፣ ተርፈሻል?» አለኝ። ምን ልበለው? «የለም፣ ትጓደድ ነኝ፣ በከንቱ ነው የተቃጠልከው» ልበለው?

አስካለ፦ የዚያን ቀንስ ይሁን። በማግስቱስ?

ትጓደድ፦ በማግስቱማ ጣመኝ።

አስካለ፦ በአፍሽ አታፍሪም?

ትጓደድ፦ አንቺ በእኔ ትቀኛለሽ። እኔስ በማን እንደምቀና ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? እሳት ውስጥ ሆኖ ስምሽን የሚጠራ ሰው አለሽ። እኔ ሕፃን ሆኜም «የአስካለ እህት» ነበርኩ፤ ከእሳት ስወጣም ያው ነኝ።

አስካለ፦ ይኼ ሁሉ አንደበት ከየት... ምነው? ምን ሆንሽ? ከአልጋው ሥር ውጪ።

ትጓደድ፦ አልሰማሽም?

አስካለ፦ ጠጠር የሚያራግፍ መኪና ነው። ሰማዩ ባዶ ነው፣ አይቼልሻለሁ። ነይ፣ እጄን ያዢ። እዪ ላብሽን። ሁልጊዜ እንዲህ ትሆኛለሽ?

ትጓደድ፦ ሆስፒታል ውስጥ አልሆንም። እዚያ እሱ ይደነግጣላ። እሱ ሲደነግጥ እኔ ጀግና ነኝ። አንዳንዴ ሁለታችንም እኩል እንደነግጥና ነርሷ ትስቅብናለች።

አስካለ፦ «ሁለታችንም» አልሽ።

ትጓደድ፦ አፌ አመለጠኝ።

አስካለ፦ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ደግሞ በሩ ላይ ተመልሰሽ ቆምሽ? ስሚኝ። ዛሬ ፋሻው ይፈታል። እዚያ ደግሞ ሕጉ አንድ በሽተኛ፣ አንድ ጠያቂ ነው። የምገባው እኔ ነኝ። ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። እንግዲህ በእኔ አፍ ምን ምን ብለሻል? አንድ ሳታስቀሪ ንገሪኝ።

ትጓደድ፦ «እጄ እንዲሁ ቢቀርስ ታገቢኛለሽ?» አለኝ። «ሽማግሌ የላክኸው እጅህን ለማጋባት ነው እንዴ?» አልኩት።

አስካለ፦ እኔ እንዲህ አልልም።

ትጓደድ፦ ለዚህ እኮ ነው እኔ ያልኩት።

አስካለ፦ እሱስ?

ትጓደድ፦ ሳቀ። ሲስቅ ከንፈሩ ተሰነጠቀበት፣ ቅባት ቀባሁለት።

አስካለ፦ ቀባሽለት።

ትጓደድ፦ ነርሷ ምሳ ወጥታ ነበር።

አስካለ፦ ሌላስ?

ትጓደድ፦ ምን አለ... ጨው የበዛበት እንደማትወጂ፣ ቤት ስትይዙ በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲሆን እንደምትፈልጊ፣ ነጎድጓድ እንደምትፈሪ።

አስካለ፦ ነጎድጓድ የምትፈሪው አንቺ ነሽ። በሩም የአንቺ ነው። እኔ ስለ በር አስቤ አላውቅም።

ትጓደድ፦ አዎ። መሐል ላይ ተምታታብኝ።

አስካለ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እኔ ነኝ ለካ። ታጨሁ ብዬ ቤት ተቀምጬ፣ መታጨቱን አንቺ ኖርሽልኝ።

ትጓደድ፦ ቤት ያስቀመጠሽ ማነው? አባባ እኮ በሳምንቱ «እንዲህ ባለ ጊዜ ወግ አይጠበቅም፣ ካሻት ሄዳ ትየው» ብለው ነበር። «የተቃጠለ ፊቱን እንዴት አየዋለሁ» ብለሽ ጋቢ የተከናነብሽው አንቺ ነሽ። እኔ መጀመሪያ ቀን ሳየው አስመለሰኝ። አስመልሼ፣ አፌን ተጉመጥሙጬ ተመልሼ ገባሁ።

አስካለ፦ ፈርቼ ነበር። አሁን አልፈራም።

ትጓደድ፦ በምን ለቀቀሽ?

አስካለ፦ በቅናት። ከጸበል ይበልጣል።

ትጓደድ፦ እንግዲያስ ፊቱን ብቻ አትዪ። ጆሮውን በቀኝ በኩል...

አስካለ፦ አያለሁ፤ ምንም ይሁን አያለሁ። ስገባ «አስካለ» ይለኛል፣ እኔም «አቤት» እላለሁ። የእኔ አቤት እውነት ነው። ያንቺን ማንም ሳይሰማ እዚሁ እንቀብረዋለን፤ ለአባባም አልናገርም፣ ለእናቱም አልናገርም። እህቴ ነሽ፣ አላዋርድሽም። ከተማው ከለቅሶ ሲወጣ ሰርጉ ይቆረጣል፣ አንቺም ሚዜ ትሆኛለሽ። አሁን በሩን ልቀቂ፣ ፍትፍቱ ይቀዘቅዛል።

ትጓደድ፦ «አስካለ» አይልሽም፣ እትዬ።

አስካለ፦ ለምን?

ትጓደድ፦ ትናንት ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ሻሹንም፣ አቤቱንም፣ ሁሉንም። ዓይኑ ሊገለጥ ነው ሲሉ ጨነቀኝ፤ ሳያየኝ በፊት ከአፌ ቢሰማው ይሻላል ብዬ።

አስካለ፦ እናቱ እዚህ እኔን ሲመርቁ።

ትጓደድ፦ ሳይሆን አይቀርም።

አስካለ፦ ተቆጣ?

ትጓደድ፦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምሳ ዕቃውን ሰብስቤ ልነሣ ስል፣ ወደ እኔ ተመለሰ።

አስካለ፦ ተመልሶስ ምን አለሽ?

ትጓደድ፦ አፉን ከፈተ፤ አጎረስኩት።