ያልለቀቀው ዝገት

የሰፈሩ ሰው አቶ ንጣት ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ፣ ነጭ ልብስ ላይ ነጥብ ካዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን ጠዋት ግን የተቆጡት በሰው ሳይሆን በዛፍ ነበር። ከግቢያቸው የሮማን ዛፍ የረገፈ ቅጠል እርጥብ ሸሚዝ ላይ ተለጥፎ አድሮ ቡናማ ምልክት ጥሎበት ተገኘ፤ ሸሚዙ ደግሞ የሙሽራ ነው። በሎሚ ፈትገው ቢያስለቅቁትም ልባቸው አልበረደም። ሮማኑንና ሥሩ ያሉትን ጽጌረዳዎች የሚነቅልላቸው እንጨት ፈላጭ ፍለጋ ወጡ።

አትክልቶቹን የተከሏቸው ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ይህን ማሰባቸው እግራቸውን አክብዶት ነበር፤ ነገር ግን እልህ የያዘው ሰው የእግሩን ምክር አይሰማም።

ከፈላጩ ጋር ለከሰዓት ተቀጣጥረው ሲመለሱ መታጠፊያው ላይ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቱ የሥዕል አስተማሪ ናት፤ ልትጠይቃቸው እየመጣች ነበር። ጉዳዩን ነገሯት።

«አጎቴ፣ ሸሚዙን አስለቅቀውታል፤ እሰየው። ዛፉን ካስቆረጡት በኋላ ቢቆጭዎትስ በምን ይመልሱታል?»

«ልጄ፣ እኔ የምኖረው በንጣት ነው። ደግሞም እርጅና መጥቷል፤ ስንቱን ቅጠል ስለቅም እዘልቃለሁ?»

ልጅቱ ያ ያናደዳቸው ምልክት ራሱ ጥበብ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ቅጠል ጨርቅ ላይ ተደርድሮ፣ ተጠቅልሎና በእንፋሎት በስሎ መልኩንና ቀለሙን ያትማል፤ ሠዓሊዎችም እንዲህ ያለውን ጨርቅ ፍሬም አስገብተው ይሰቅሉታል። አቶ ንጣት ከልባቸው ሳቁ።

«ስታገለው የኖርኩትን እድፍ ጥበብ ነው ልትይኝ ነው? እንዲህ ከሆነማ የሥጋ ቆራጩ ሽርጥም ተሰቅሎ ይታይ!»

«እድፍ ሳንፈልገው የሚመጣው ነው፤ አስበን፣ ቦታ መርጠን ያኖርነው ግን ሥራ ነው። አንድ ጨርቅ ብቻ ይስጡኝ። ካልወደዱት መጥረቢያውን እኔው አቀብላለሁ።»

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ በቃል ብዛት ሊረታ ይሞክራል። ይህች ግን ጨርቅ ለመነች፤ ብልኅነቷ እዚህ ላይ ነው።

ቤት እንደገቡ አቶ ንጣት ከቁም ሣጥኑ ሥር አንድ ነጭ አንሶላ አወጡ። የትዳራቸው የመጀመሪያ አንሶላ ሲሆን ገና በአዲስነቱ የማስጫ ሽቦ ዝገት መሃሉን ነክቶታል። ሎሚውም፣ ጨውም፣ በረኪናውም አልበገሩትም። ባለቤታቸው ግን «አንድ ቀን ይለቃል» እያሉ አጥፈው ሲያስቀምጡት ኖሩ።

«ከዚህ የባሰ ልታበላሺው አትችይም» ብለው ሰጧት።

ልጅቱ አንሶላውን በውኃ በተበረዘ ሆምጣጤ ነክራ ጨመቀች። ቅጠሉን እንዲመርጡ ያደረገችው እሳቸውን ነው፤ እያጉረመረሙ የሮማንና የጽጌረዳ ቅጠል ለቀሙላት። የቅጠሎቹ ጅማት ወደ ጨርቁ እንዲሆን ደርድራ፣ በዱላ ላይ አጥብቃ ጠቅልላ በሲባጎ አሰረችውና በልብስ መቀቀያው በርሜል እንፋሎት ላይ አኖረችው። በስሎ ሲወጣ አቶ ንጣት እንደ ሙያቸው ልማድ ትኩሱን ሊፈቱት ተጣደፉ። «ይቀዝቅዝ አጎቴ፣ ቀለሙ ይያዝ» ብላ ያዘቻቸው። ይህን ጊዜ ፈላጩ መጣ፤ መጥረቢያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ እሱም ይጠብቅ ጀመር።

ጥቅሉ ተፈታ። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ሲነሱ ከሥራቸው ለስላሳ ቢጫ የሮማን ቅጠል፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሳለ የጽጌረዳ ቅጠል ብቅ አለ። መሃሉ ላይ፣ ዝገቱ በነበረበት ቦታ ያረፈው የሮማን ቅጠል ግን ጠቁሮ፣ ጅማቱ ሁሉ አንድ ሳይቀር ታትሟል። ከአንሶላው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር።

«ይህ... ያ ዝገት ነው?»

«ራሱ ነው። የሮማን ቅጠል ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል። እኛ ቀለም ለማጥቆር ሚስማር በሆምጣጤ ዘፍዝፈን የምንሠራውን ነገር እናንተ አንሶላ ላይ አስቀምጣችሁልኛል።»

የአቶ ንጣት ዓይን እንባ አቀረረ። «አንድ ቀን ይለቃል ስትል ኖረች» አሉ። «እንኳንም አልለቀቀ።»

ከዚያም ወደ ፈላጩ ዞሩ። «ወንድሜ፣ ዛፉን ተወው። ይልቅ የልብስ ማስጫውን ቋሚዎች ነቅለህ ከወዲያኛው ጥግ ትከልልኝ። ገመድ ማዛወር ዛፍ ከመቁረጥ ይቀላል።»

«ይህ ጠዋት ታስቦ ቢሆን ኖሮ መጥረቢያዬን ባልሳልኩ» አለ ፈላጩ። ሦስቱም ሳቁ፤ አቶ ንጣትም ከጠዋት ጀምሮ የተጫናቸው ነገር ከትከሻቸው ሲወርድ ተሰማቸው።

ምክር የሰማ ሰው ምን ያገኛል ለሚል አንባቢ መልሱ እነሆ። ግቢው ጥላውን አላጣም፤ የሮማኑም አበባ ፍሬ ሆነ። ድሮ ተጠርጎ ይጣል የነበረው ቅጠል ለልጅቱ ተማሪዎች ቀለም ሆነ። የደንበኞች ሸሚዝ በወዲያኛው ጥግ ንጹሕ ሆኖ ይደርቃል። አዲስ ትምህርት የግድ አሮጌውን አፍርሱ አይልም፤ አንዳንዴ ከቁም ሣጥን አውጡት ይላል።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን በኋላ ነው። ያን ቀን ገና አንድ ሥራ ቀርቶ ነበር፤ አንሶላውን ማለቅለቅ። አቶ ንጣት ለማንም አልሰጥም አሉ። እጃቸው በልማድ ወደ በረኪናው ሲሄድ ልጅቱ ጠርሙሱን ቀድማ አነሳችው። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አንሶላውን ቀስ ብለው አጠለቁት። ዕድሜ ልካቸውን እድፍን ልቀቅ ሲሉ የኖሩት ሰው ወደ ውኃው ጎንበስ ብለው፣ «አደራህን፣ እንዳትለቅ» አሉት።

አልለቀቀም።