ኦቦ ዳዲና የኪራይዋ መኪና

በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱ በድንጋይ በተዘጋበት አንድ ጠዋት፣ ታክሲ ስለጠፋ ከሱሉልታ በእግሬ ወጣሁ። ጡረታ የወጣ መምህር ከመራመድ ሌላ ምን ሥራ አለው? ሜዳውን ጉም ሸፍኖት የድርቆሹ ክምር አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። እኔም ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳላውቅ ዝም ብዬ እሄድ ነበር።

ከጉሙ ውስጥ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ዳር ይዛ ቆማ አገኘኋት። አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው ጫፍ መስታወቷን ይወለውላሉ። መሪው ላይ የነበረችው ወጣት ስታየኝ ወርዳ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳት ፌኔት ናት፤ ሽማግሌው ደግሞ አባቷ ኦቦ ዳዲ። “አካም ቡልተን” ተባባልንና መንገዱ እስኪከፈት አብሬያቸው እንድቀመጥ ለመኑኝ።

ፌኔት በአንድ የአበባ እርሻ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። እርሻው መኪናዋን ከአንድ አከራይ ድርጅት ለሦስት ዓመት ተከራይቶ ሰጥቷት ነበር። ውሉ በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ ከፈለገች ውሉ ላይ በሰፈረው ዋጋ እሷ ቀድማ መግዛት ትችላለች። ዋጋው ግን ኦቦ ዳዲ የድርቆሽ መሬታቸው ሲወሰድ የተቀበሉትን ካሳ ጠራርጎ የሚጨርስ ነው። አባት ትገዛ ይላሉ፣ ልጅ አይሆንም ትላለች። ዛሬም ገንዘቡን ከባንክ ሊያወጡ እየሄዱ ነው መንገዱ የተዘጋባቸው፤ አይሆንም ብትልም አባቷን አልወስድዎትም ማለት አልሆነላትም።

“መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ” አሉኝ ኦቦ ዳዲ። “ሦስት ዓመት አብራን ኖረች። አንድ ቀን መንገድ ላይ አልጣለችንም። እንዲህ ያለችውን ለባዳ አሳልፎ መስጠት ነውር አይደለም?”

እኔ እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ቁጠባ ንግግር ልጀምር ስል ፌኔት ቀደመችኝ፤ ደግ አደረገች። ጎማውም ኢንሹራንሱም እስከ ዛሬ በአከራዩ ላይ እንደነበር፣ ከገዟት በኋላ ግን ሁሉም በእሳቸው ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ በትሕትና አስረዳች። ዋጋው የተቆረጠው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ዛሬ በዚህ ግርግር ሰው መኪናውን ባገኘው ዋጋ እየሸጠ ነው።

“ልክ ነሽ” አሉ ሽማግሌው። “ግን ሰው ‘የዳዲ መሬት ወረቀት ሆነ’ ይለኛል። ደጄ ላይ የሚታይ ነገር እፈልጋለሁ፣ ልጄ።”

ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖት ስለነበር ከእኛ በቀር በዓለም ላይ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

“አባኮ፣ እኔም እወዳታለሁ” አለች ፌኔት። “እማዬንና እርስዎን አሳፍሬ እስከ ዝዋይ ስነዳ በሕልሜ አያለሁ። ግን ላም ሲገዙ ባለቤቷ ታላቢ ናት ስላለዎት ብቻ ይገዛሉ?”

“አልገዛም። ጠዋትና ማታ ቆሜ አሳልቤ ነው።”

“ይቺን እኮ ያለብናት በሰው ድርቆሽ ነው። በራሳችን ድርቆሽ ምን ያህል እንደምትሰጥ አላየንም። የቀረን ድርቆሽ ደግሞ ባንክ ያለው ብቻ ነው።”

ኦቦ ዳዲ “ሳላሳልብ ልገዛ ነበር” አሉና መኪናዋን ወደ ቤት እንድታዞር ነገሯት።

አንባቢዬ፣ የወደዱትን ሁሉ መግዛት ግዴታ አይደለም። የለመዱትን ዕቃም ቢሆን ገበያ ማጠያየቅ፣ መኪና ከሆነች ለማያውቃት መካኒክ ማሳየት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ነገ ማን ይቀልባታል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ኦቦ ዳዲ ልጃቸው ስትጠይቅ ሰሙና ተጠቀሙ። በቀጣዩ መስከረም ሚኒባስ ውስጥ ሳገኛቸው ከካሳው ጥቂቱን አውጥተው የአንድ ዘመዳቸውን ሜዳ ሣር በኮንትራት መያዛቸውን፣ ሁለት ላሞች መግዛታቸውን፣ የቀረው ባንክ መቀመጡን አጫወቱኝ። ፌኔትም በእርሻው ሰርቪስ ትመላለሳለች።

መኪናዋ አትናፍቅዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ትናፍቀኛለች” አሉ። “ግን ያን ቀን መልሼ ልገዛ የፈለግሁት መሬቴን ነበር፣ መምህር። እሱ ደግሞ አይሸጥም።”